ማጣሪያውን ማን ይቃኘዋል?

እሱ፦ እስቲ ከሥሩ ጀምሪልኝ። ሐይቁ አረንጓዴ በሆነ ቁጥር ጋባ ያለው የውሃ ጣቢያ ብዙ ኬሚካል ይፈጃል፤ ይህን ካምፓላ ውስጥ የማያውቅ የለም። የናኪቩቦ ቦይ የከተማውን እድፍ ጠርጎ መርቺሰን ቤይ ወደሚባለው የሐይቁ ወሽመጥ ይደፋዋል፣ አልጌው በሱ ይወፍራል። አንቺ ደግሞ መድኃኒቱ ሰማይ ላይ ነው ትያለሽ።

እሷ፦ መድኃኒቱ አላልኩም ጋሼ፤ ማያው ነው ያልኩት። አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። መርዝ ሊያመጣ የሚችለው ሳያኖባክቴሪያ ፋይኮሳያኒን የሚባል ቀለም አለው፤ 620 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ይውጣል። ክሎሮፊል ግን በሁሉም ዓይነት ውስጥ አለ፤ እሱ የሚውጠው 665 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። ልዩነቱ 45 ናኖሜትር ብቻ ነው። ጀልባ ላይ ቆመው ቢያዩት ሁሉም ያው አረንጓዴ ነው።

እሱ፦ ታዲያ 620 የሚያሳልፍ አንድ ማጣሪያ፣ 665 የሚያሳልፍ ሌላ ማጣሪያ ልትሠሪያት ባሰብሻት ኩብ ሳተላይት ካሜራ ላይ መግጠም ነዋ። የሚቃኝ ማጣሪያ የሚሉትን ምን አመጣው?

እሷ፦ የነገውን ጥያቄ ዛሬ ስለማናውቀው። የዩጋንዳን የመጀመሪያ ሳተላይት ያስታውሳሉ? ፐርል አፍሪካሳት 1። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጁ ነው የምጠራልዎ፤ በኅዳር 2022 ወጣች፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተለቀቀች። በየጎኗ 10 ሴንቲሜትር የሆነች ኩብ ነበረች። ሦስት ዩጋንዳውያን መሐንዲሶች ጃፓን፣ ኪዩሹ የቴክኖሎጂ ተቋም ሄደው ሠሯት፤ ባለ ብዙ ቀለም ካሜራ ነበራት። ግን የትኛውን ቀለም እንደምታይ መሬት ላይ ሳለች አለቀ፣ ደቀቀ። የኛዋም ETRSS፣ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2019 ከቻይና ያስወነጨፈቻት 72 ኪሎዋ ሳተላይት፣ እንዲሁ ነበረች። እንጦጦ የተቀመጠው ባለሙያ ቀለም ልቀይር ቢል አይችልም።

እሱ፦ መቀየር አለመቻል ጉድለት ነው ያለሽ ማነው? እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕና የዐይን መመርመሪያ ስጠግን፣ ተበላሽቶ የሚመጣልኝ የሚንቀሳቀሰው ክፍል ነው። ቅባቱ ይደርቃል፣ ጥርሱ ይበላል። ዝም ብሎ የተቀመጠ መስታወት ሻጋታ ካልያዘው በቀር የሚሆነው የለም።

እሷ፦ ይኸኛው ጥርስ የለውም። ሁለት መስታወት ፊት ለፊት ያቆማሉ። እያንዳንዱ አብዛኛውን ብርሃን ይመልሳል፣ ጥቂቱን ያሳልፋል። በመካከል የገባው ብርሃን ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ሞገዱ ከክፍተቱ ጋር የገጠመለት ቀለም እየበረታ ያልፋል፤ ያልገጠመው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ፋብሪና ፔሮ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1890ዎቹ መጨረሻ የሠሩት ነው። ክፍተቱ 310 ናኖሜትር ሲሆን 620 ያልፋል።

እሱ፦ 665 ስትፈልጊስ?

እሷ፦ በ22 ናኖሜትር ተኩል አሰፋዋለሁ። ፒዬዞ የሚባል ሴራሚክ አለ፤ ቮልቴጅ ሲሰጡት በጥቂቱ ይለጠጣል። እሱ ነው መስታወቱን የሚገፋው።

እሱ፦ የሰው ፀጉር ውፍረት ስንት ነው በናኖሜትር?

እሷ፦ ሰማንያ ሺህ ያህል።

እሱ፦ እና ሮኬት ላይ አስረሽ ካንቀጠቀጥሽው በኋላ፣ ፀሐይ ስትወጣ ሞቆ ምድር ስትጋርደው እየበረደ፣ በሃያ ሁለት ናኖሜትር ተኩል ልትገፊው! አንዱ ጠርዝ ከሌላው በአምስት ናኖሜትር ቢያዘነብልስ?

እሷ፦ በአንዱ በኩል 620 ሲያልፍ በሌላው 630 ያልፋል።

እሱ፦ የሰው ጤና የሚወሰንበት ቀለም ማለት ነው በግማሽ የጠፋው።

እሷ፦ ስለዚህ በሦስት ነጥብ ክፍተቱን የሚለካ ነገር ይደረግለታል፤ ሦስት ፒዬዞ እየተናበቡ ያቃኑታል። የታወቀ ሥራ ነው። ፊንላንዶች በሰኔ 2017 አልቶ 1 የምትባል ትንሽ ሳተላይት ከህንድ አስወንጭፈዋል፤ ሦስት ኩብ የተደረደረች ያህል ናት፣ ከ500 እስከ 900 ናኖሜትር የሚቃኝ የፋብሪ ፔሮ ካሜራ ነበራት። ትልቅ አገር፣ ትልቅ ገንዘብ ያሻዋል የሚለው ወግ ያኔ አበቃ።

እሱ፦ ትልቁንም ገንዘብ እናንሣው እንግዲህ። አንቺው የላክሽልኝን አንብቤዋለሁ። ጄምስ ዌብ የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ላይ የሚቃኝ ማጣሪያ ያለው ካሜራ ሊጫን ነበር፤ የካናዳ ድርሻ። ከ1 ነጥብ 5 እስከ 5 ማይክሮሜትር ያለውን ቀለም እንደፈለጉ የሚመርጥ። በ2011 ምን አደረጉት?

እሷ፦ አወጡት።

እሱ፦ ለምን?

እሷ፦ ዌብ የሚሠራው ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያ ብርድ ፒዬዞ መለጠጡ ክፉኛ ይቀንሳል፤ መስታወቱ ላይ የተቀባው ስስ ሽፋንና የተሸከመው አካል እኩል አይኮማተሩም። ክፍሉ በተያዘለት ጊዜ ለበረራ ሊደርስ አልቻለም።

እሱ፦ በቦታው ምን ገባ?

እሷ፦ ቋሚ ማጣሪያዎችና ብርሃን የሚበትን ፕሪዝም። ኒሪስ ተባለ።

እሱ፦ ኒሪስም በሐምሌ 2022፣ ገና ዌብ ሥራ እንደጀመረ፣ ዋስፕ 96 ቢ የምትባል ፕላኔት አየር ውስጥ የውሃ ተን አሳየ። ከሺህ ብርሃን ዓመት በላይ ርቃ ያለች ፕላኔት! የሚቃኘው ተጥሎ፣ የማይነቃነቀው ተተክቶ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ላምጣ?

እሷ፦ ምስክሩን ያንብቡልኝ እንጂ ጨርሰው። ኒሪስ «የማይነቃነቅ» ነው ያለዎ ማነው? ማጣሪያዎቹ የተሰደሩት የሚሽከረከር ጎማ ላይ ነው። ቋሚ ማጣሪያ ሲበዛ መቀያየሪያ ይፈልጋል፣ መቀያየሪያውም ጎማ ነው። ዌብ ላይ ያለው ሚሪ የሚባለው ሌላው መሣሪያ በነሐሴ 2022 ብርሃን በታኞቹን (ግሬቲንግ) የሚያቀያይርበት ጎማው ፍትጊያ በዝቶበት አንዱ የሥራ ዘርፉ እስከ ኅዳር ድረስ ቆሞ ነበር። ቅባቱ ይደርቃል ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ያ የሚታወከው ተንቀሳቃሽ ክፍል እርስዎ በሚወዱት ወገን ነው ያለው።

እሱ፦ ይህቺን ላስብባት። ግን ጎማ ሲታመም ያቃስታል፤ ኤሌክትሪክ ይበዛበታል፣ ይዘገያል፣ ታውቂዋለሽ። ሲቆምም ያለበት ማጣሪያ ያው ማጣሪያ ነው። ያንቺ መስታወት ግን ዝም ብሎ ይዋሻል። 620 ነኝ እያለ 627 ያሳይሻል፣ ምስሉም ያምራል። እኔ የምፈራው የተሰበረ መሣሪያ አይደለም። የሚሠራ የሚመስል መሣሪያ ነው።

እሷ፦ ኤስዲኦን ይዩልኝ እስቲ። በየካቲት 2010 የተላከው የፀሐይ መመልከቻ። ኤችኤምአይ የሚባል መሣሪያ አለው፤ 617 ነጥብ 3 ናኖሜትር ያለችውን የብረት መስመር ይዞ ከወዲያ ከወዲህ ስድስት ቦታ ይቃኛል፣ በየ45 ሰከንዱ የፀሐይን ሙሉ ገጽ ፍጥነት ያወጣል። ሌት ተቀን፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ። ደግሞ ሞተር ነው የሚያሽከረክረው። በኅዳር 2024 ዳታው ሲቋረጥ የተበላሸው ማጣሪያው አልነበረም፤ ስታንፎርድ ያለው የኮምፒውተር ክፍል የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ተጥለቅልቆ ነው።

እሱ፦ ሰማይ ላይ ያለው ደኅና፣ መሬት ላይ ያለው ቧንቧ ፈነዳ! ይህስ ካምፓላም ይሆናል። ጥሩ፣ አንድ ለአንቺ። አሁን ሂኖዴን ንገሪኝ።

እሷ፦ እሱንም አንብበዋል?

እሱ፦ አንብቤያለሁ። ጃፓኖች በመስከረም 2006 የላኩት፣ እሱም የፀሐይ መመልከቻ። የሚቃኘው ማጣሪያው ውስጥ ክሪስታሎቹ መካከል ፈሳሽ ተሞልቶ ነበር። ሰማይ ከወጣ በኋላ ፈሳሹ ውስጥ የአየር አረፋ ተገኘ። አረፋው ምስሉን ያበላሻል፤ ይባስ ብሎ በቃኙት ቁጥር ቦታ ይቀይራል። መጨረሻ ላይ ምን አደረጉ? አረፋው እንዳይንቀሳቀስ ማጣሪያውን በተቻለ መጠን አለመቃኘት! አንዱን መስመር ይዞ ረጅም ጊዜ መቆየት። እንዲቃኝ ብለው ገዝተው ቋሚ አድርገው ተጠቀሙበት።

እሷ፦ ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። እየተጠነቀቁ ቃኝተውታል፤ የትኛው ክፍል ቢዞር አረፋው እንደሚረበሽ አጥንተው፣ እሱን ሳይነኩ የሚቃኙበትን ዘዴ አወጡ፤ ለዓመታት ሳይንስ ሠሩበት። ቋሚ ቢሆን ኖሮ አረፋው ምስሉ መሃል ቢቀመጥ እዚያው ተቀምጦ ይቀር ነበር።

እሱ፦ ቋሚ ቢሆን መጀመሪያውኑ ያን ሁሉ ፈሳሽና ክሪስታል ማን ይሞላው ነበር?

እሷ፦ እሺ፤ ፈሳሽም ክፍተትም የሌለውን ላምጣልዎ። ሶላር ኦርቢተር በየካቲት 2020 ሲላክ አንድ ወጥ የሊቲየም ናዮቤት ክሪስታል ይዞ ሄደ። ቮልቴጅ ሲሰጡት ክሪስታሉ ራሱ የብርሃን ባሕርዩን ይቀይራል። የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ማርስ ኤክስፕረስ ደግሞ በ2003 ይዞት የሄደው የስፒካም አንዱ ክፍል ከአንድ ኪሎ በታች ነው፤ ክሪስታል ውስጥ የድምፅ ሞገድ ይለቁበታል፣ የድምፁ ድግግሞሽ ሲቀየር የሚወጣው ቀለም ይቀየራል። የማርስን አየር የውሃ ተን በሱ ለኩ። ጥርስ የለ፣ ቅባት የለ።

እሱ፦ ግን ብርሃን አለ?

እሷ፦ ማለት?

እሱ፦ ነገሩን ታውቂዋለሽ። የዚህ ዓይነት ክሪስታሎችሽ ብዙዎቹ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ ነው የሚፈልጉት። ግማሹ ገና በሩ ላይ ተጣለ። ፀሐይን ስታዪ ግድ የለም፤ ብርሃን ሞልቷል። ሐይቅ ግን ጥቁር ነው፤ ከወረደበት ብርሃን የሚመልሰው በመቶ ጥቂት ነው። ከዚያ ላይ አሥር ናኖሜትር ብቻ ቆርጠሽ ትወስጃለሽ። ከዚያ ግማሹን ትጥያለሽ። የተረፈሽን በምን ትሰበስቢዋለሽ? መነጽሩን አስፍተሽ? ኩቧ አሥር ሴንቲሜትር ናት። ብዙ ጊዜ ከፍተሽ? ሳተላይቷ መሬት ላይ በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። አንድ ነጥብ 80 ሜትር ቢሆን፣ በ11 ሚሊሰከንድ አልፈሽዋል።

እሷ፦ ሳተላይቷ ዐይኗን ከቦታው ሳትነቅል አንገቷን እያዞረች ታልፋለች። ፊሊፒንስ ይህንኑ አደረገች፤ ዲዋታ 1፣ በሚያዝያ 2016 ከጠፈር ጣቢያው የተለቀቀች፣ 50 ኪሎ የምትሆን። ከጃፓኖቹ ከቶሆኩና ከሆካይዶ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ነው የተሠራችው፤ በፈሳሽ ክሪስታል የሚቃኝ ማጣሪያ ነበራት። ያኔ ሳተላይት በመሥራት ብዙ ልምድ ያላት አገር አልነበረችም።

እሱ፦ ከኩቧ ግን ሃምሳ እጥፍ ገደማ የሚከብድ ሳተላይት ነው። አንገት ማዞሪያውስ? ጎማ ነው፤ የሚሽከረከር። ከማጣሪያው ያወጣሽውን ጎማ ሳተላይቷ ሆድ ውስጥ መልሰሽ ከተትሽው።

እሷ፦ ገባኝ፣ ገባኝ።

እሱ፦ ሌላም አለ። አንቺ አንዱን ቀለም አንስተሽ ሌላውን እስክትቃኚ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ቢፈጅ፣ 700 ሜትር ሄደሻል። ደመናው ጥላውን ይዞ ተነቃንቋል፣ የዓሣ ጀልባው ተነቃንቋል። ሁለቱን ሥዕል አንዱን ባንዱ ላይ ስታነጥፊ የጀልባው ጠርዝ መርዝ ሆኖ ይወጣልሻል። ቋሚ ማጣሪያ በየራሱ ዐይን ቢገጠም ሁሉም ባንድ ቅጽበት ያያል።

እሷ፦ ይህ ከሁሉም የከበደኝ ነው፤ አልክድም። በሶፍትዌር ይስተካከላል ይላሉ። ይስተካከላል፤ ዳር ዳሩ ግን አይታመንም፣ ጋባ ያለው የውሃ መሳቢያ ደግሞ ዳር ነው። የርስዎ ወገንስ ምን ያቀርባል? ሴንቲኔል 2 የሚባለውን የአውሮፓ ሳተላይት ሥዕል በነፃ እናያለን፤ 10 ሜትር ድረስ ይለያል፣ 560 አለው፣ 665 አለው፣ 705 አለው። 620ን ዘሎታል። ሴንቲኔል 3 620 አለው፣ 21 ቀለም አለው፤ ግን አንዱ ነጥብ 300 ሜትር ነው። ናኪቩቦ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ 300 ሜትር ማለት ፓፒረሱም፣ ጭቃውም፣ ውሃውም አንድ ላይ ተፈጭቶ ነው። ሁለቱም የሚያወጡት ቀለም ቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ሁለቱንም የነደፋቸው ሰው አውሮፓ ተቀምጦ ነው። የመርቺሰን ቤይ ጥያቄ በሁለቱ መካከል ወደቀ።

እሱ፦ ይህ የማጣሪያ ጉዳይ ሳይሆን የማን ማጣሪያ ነው የሚል ጉዳይ ነው። ዩጋንዳ የራሷን 620 ትግጠም።

እሷ፦ ትግጠም። ሦስት ዓመት ፈጅታ ትገጥማለች። የጠፈር ጣቢያው ከሚለቃቸው ኩቦች ብዙዎቹ አንድ ሁለት ዓመት ቆይተው አየር ውስጥ ገብተው ይቃጠላሉ። በመጀመሪያው ወር ችግሩ እንቦጭ ቢሆንስ? እንቦጭ 620 አያውቅም፤ የሚታየው ከ700 ወዲያ ነው። ዳያቶም የሚባለው ዘር ቢበዛስ? እሱ ፋይኮሳያኒን የለውም። የርስዎ ሳተላይት የተወሰነላትን አንድ ጥያቄ በትክክል እየመለሰች ትወድቃለች።

እሱ፦ የኔን ትልቁን ካርድ አላወጣሁም። ናሳ በመጋቢት 2025 ስፌርኤክስ የሚባል የጠፈር ቴሌስኮፕ ልኳል። መላውን ሰማይ በ102 ቀለም ያነሣል። የሚቃኝ ማጣሪያ የለበትም፣ የማጣሪያ ጎማም የለበትም። ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ቀለሙ ቀስ እያለ የሚለዋወጥ ማጣሪያ ከብርሃን መቀበያው ፊት አስቀምጠዋል፤ ቴሌስኮፑ ራሱ ጥቂት ጥቂት እየዞረ እያንዳንዱ ኮከብ በየቀለሙ ላይ ያልፋል። ለካስ መቃኘት የሚያስፈልገው ዕቃው አይደለም። ዕቃው የተጫነበት ነው። የኛዋ ኩብ እንደሁ ሳትጠየቅ በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ያንን ሩጫ ለምን በነፃ አንጠቀምበትም?

እሷ፦ ያምራል። ግን ስፌርኤክስ ሰማዩን አንድ ጊዜ ለመጨረስ ስድስት ወር ይፈጅበታል፤ ኮከብ ይታገሣል። ሐይቁ ላይ ሲያደርጉት እያንዳንዱ ቀለም ያንኑ ቦታ በተለያየ ቅጽበት ነው የሚያየው። አሁን ጀልባውና ደመናው በሰከንድ አሥረኛ ተነቃነቁብሽ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ነገሩ ዞሮ የርስዎው ላይ መጣ።

እሱ፦ መጣ። ቢሆንም ባንቺ ላይ ቀለሙም ጊዜውም ይጠረጠራሉ፤ በኔ ላይ ጊዜው ብቻ። 620 ያለበት የማጣሪያው ጥግ ምንጊዜም 620 ነው።

እሷ፦ እዚህ ላይ ነው የማልለቅዎ። ነው ወይ? ማጣሪያ የሚሠራው በመስታወት ላይ ስስ ሽፋን በመደራረብ ነው። ሽፋኑ በደንብ ካልታመቀ እርጥበት ይጠጣል። እንደ ካምፓላ ባለ እርጥብ አገር ለክተው 620 ነው ብለው ፈርመው ይልኩታል፤ ሰማይ ላይ ባዶ ውስጥ ሲገባ ውሃው ይወጣል፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊው ወገን ይሸሻል። ብርሃን በአምስት ዲግሪ አዘንብሎ ቢገባበት እንኳ ይሸሻል፤ የኔ መስታወትማ ያኔ ከ620 ላይ ሁለት ናኖሜትር ተኩል ገደማ ይስታል። ልዩነቱ ምንድን ነው? የኔው መሳቱን ራሱ ሊነግረኝ ይችላል። የርስዎው አይችልም።

እሱ፦ እንዴት ነው የሚነግርሽ? ክራር ያለ ጆሮ አይቃኝም። ሰማይ ላይ ጆሮው ማነው?

እሷ፦ አየሩ። የምድር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 760 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ይውጣል፤ ማንም አያንቀሳቅሰውም። ፀሐይም 656 ነጥብ 3 ላይ የሃይድሮጅን ጥቁር መስመር አላት። ማጣሪያዬን ከወዲህ ወዲያ እያስኬድኩ እነዚህን እፈልጋለሁ። 760 ብዬ የላክሁት ትእዛዝ ላይ ጥቁሩ ካልመጣና 763 ላይ ከመጣ፣ በሦስት ስቻለሁ፤ ሠንጠረዡን አርማለሁ። የርስዎ ማጣሪያ 617 ላይ ቢቀመጥ በምን ያውቁታል? ወዲያ ወዲህ ሄዶ የሚያገኘው ምልክት የለውም። ዝም ብሎ ይዋሻል ያሉት ነገር እንዲያውም የቋሚው በሽታ ነው።

እሱ፦ ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ግማሹን ጭቅጭቅ እንተወው ነበር። ግን ጥቁሩን መስመር ለማየት ማጣሪያሽ ጠባብ መሆን አለበት። አሥር ናኖሜትር ስፋት ያለው ማጣሪያ የሃይድሮጅንን ቀጭን መስመር አያየውም፤ ይሰለቅጠዋል። አንድ ናኖሜትር ካደረግሽው ደግሞ ብርሃኑ አለቀ።

እሷ፦ የሃይድሮጅኗን ይሰለቅጣታል፣ አዎ። የኦክስጅኑ ሰፋ ያለ ነው፤ በአሥርም ቢሆን ጎድጓዳው ይታያል።

እሱ፦ አንድ ነጥብ፣ 760 ላይ። ከዚያ 620 ድረስ 140 ናኖሜትር አለ። በአንድ ችካል አጥር አይሠራም። ፒዬዞ ሲሄድና ሲመለስ እኩል እንደማይለጠጥ አንቺው ነሽ ያጫወትሽኝ፤ 760 ላይ ያስተካከልሽው 620 ላይ መስተካከሉን ማን ማለልሽ?

እሷ፦ ክፍተቱን የሚለካው ነገር አለ። ግን እሱም በተራው... እሺ። መብራት ይጨመራል። ቀለሙ የታወቀ ትንሽ መብራት ካሜራው ውስጥ።

እሱ፦ ያው ኩብ ውስጥ? ከባትሪውና ከሬዲዮው ጎን?

እሷ፦ ከእኔና ከርስዎ አንዳችን የሆነ ነገር ልንተው ነዋ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይጭኑ ነበር?

እሱ፦ ሦስት ቋሚ ማጣሪያ፤ 620፣ 665፣ 709። ሌላ ምንም። የሚተርፈውን ገንዘብ ለጀልባ። ሳተላይቷ በምታልፍበት ሰዓት ሰው ሐይቁ ላይ ወጥቶ በጠርሙስ ውሃ ይቅዳ፤ ላቦራቶሪ ይመርመረው፤ ከሥዕሉ ጋር ይመሳከር። አንቺ ጀልባውን በጀትሽ ውስጥ አስገብተሽዋል?

እሷ፦ አላስገባሁም።

እሱ፦ ይኸው።

እሷ፦ ምኑ ይኸው? ጀልባው በወጣበት ጠዋት ደመና ቢሆን፣ በማግሥቱም ደመና ቢሆን፣ እዚህ የምድር ወገብ ላይ ነንና በሦስተኛውም ደመና ቢሆን፣ የርስዎ ሦስት ማጣሪያ ከሰማይ ሲወርድ ትክክል መሆኑን ያወቀ ሰው አይኖርም። የኔው ቢያንስ ከደመናው በላይ ያለውን ኦክስጅን እያየ አንድ ችካል ይዞ ይጠብቃል።

እሱ፦ ከደመናው በላይ ያለው ኦክስጅን ጋባ ቧንቧ ውስጥ ስለሚገባው ውሃ ምን ያውቃል?

እሷ፦ ስለ ውሃው ምንም። ስለ መሣሪያው ነው የሚያውቀው። እርስዎ ሠላሳ ዓመት የጠገኑት የትኛውን ነበር፣ በሽተኛውን ነው ማይክሮስኮፑን?